ያልደረቀ ጀሶ

አውራ ጣቷን ጫን ስታደርገው ጀሶው እሺ ብሎ ገባ። ሥራ አስኪያጇ ጣቷን መለስ አድርጋ አየችው። ነጭ ሆኗል፤ ቀዝቅዟል። ጀሶው ግራና ቀኝ የያዘው ከመዳፍ ብዙም የማይረዝም ቀጭን የመስታወት ቁራጭ ነው። በቀይ ቀለም አራት ቁጥር፣ ከቁጥሩ ሥር ደግሞ ቀን ተጽፎበታል። ቀኑ የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። የሦስት ዓመት ጀሶ በጣት ሲጫኑት አይገባም።

ወደዚህ የገባችው መስታወት ልታይ አልነበረም። የጨዋታ ቀን ጠዋት ሁልጊዜ እንደምታደርገው የፍተሻ ወረቀቷን ይዛ የስታዲየሙን ግቢ ስትዞር፣ በምሥራቁ ትሪቡን ሥር ባለው መተላለፊያ አንድ አምፖል ብልጭ ድርግም ሲል አየች። አምፖሉን ልታይ ቀና ስትል ነው መስታወቱ ዓይኗ ውስጥ የገባው። እዚህ ሥር አቧራ ያልለበሰ ነገር የለም፤ ቁጥር አራት ግን ከሱቅ ዛሬ የወጣ ይመስል ጥርት ብሏል። ይህን ሌላ ሰው ቢያየው ልብ አይለውም ነበር። እሷን ሠራተኛው “ወይዘሮ እንከን” የሚላት ግን በከንቱ አይደለም።

ከራሷ በላይ ስድስት ሺህ ሰው የሚይዝ የኮንክሪት ደረጃ አለ። ደጋፊዎቹ “ከበሮው” ይሉታል፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲዘሉበት ድምፁ ሦስት መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ መሐንዲስ፣ ደረጃውን የሚሸከመው አግዳሚ ከምሰሶው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ስንጥቅ አገኘ። ብዙም አላካበደውም። በስንጥቁ ላይ አሻግሮ ሰባት የመስታወት ቁራጮች በጀሶ ለጠፈና፣ “ስንጥቁ ከተንቀሳቀሰ መስታወት አይለጠጥም፤ ይሰበራል። እነዚህ ደህና እስከሆኑ ድረስ እናንተም ደህና ናችሁ” ብሏት ሄደ። በየስድስት ወሩ ይመጣል፤ ሰባቱንም ደህና ሆነው ያገኛቸዋል፤ ይፈርማል። ከሥሩ እሷም ትፈርማለች።

“አባባ!” ብላ ተጣራች።

ጠጋኙ ሽማግሌ ከዕቃ ቤቱ ወጣ። በዚህ ግቢ ውስጥ ከእሱ በፊት የተቀጠረ ሰው የለም። ወንበር ቢሆን ቧንቧ፣ ቁልፍ ቢሆን ጣሪያ፣ የሚጠግነው እሱ ነው። በሰው ፊት “እትዬ” ይላታል፤ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ “ልጄ”። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ቲኬት ቆራጭ ሆና ስትቀጠር የመስኮቷን መዝጊያ ያበጀላት እሱ ነበር።

“ይሄ መስታወት መቼ ነው የተለጠፈው?”

“ቀኑ ተጽፎበት የለም እንዴ?”

“የተጻፈውን አየሁት። እኔ የምጠይቅዎት የተለጠፈበትን ነው።”

ሽማግሌው ነጭ የሆነውን ጣቷን አየ። ቀጥሎ የራሱን ጫማ አየ።

“ዛሬ ጠዋት” አለ።

“የቀድሞውስ?”

“ተሰበረ። ትናንት ማታ በሩን ስዘጋ ደህና ነበር። ጠዋት ስገባ ለሁለት ተከፍሎ አገኘሁት።”

“ማታ ማን ወጣበት?”

“ማንም። ደረጃው ባዶ ነበር።”

 ባዶ ደረጃ ሥር መስታወት ይሰበራል ወይ ብላ ልትጠይቅ ስትል ከአፏ ሌላ ጥያቄ ወጣ።

“ስንት ጊዜ ነው የቀየሩት?”

ሽማግሌው ወደ ዕቃ ቤቱ ገባና አንድ ያረጀ የቀለም ቆርቆሮ ይዞ ተመለሰ። ክዳኑን አነሳው። ውስጡ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ጥቅሎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ በእርሳስ ቁጥርና ቀን ተጽፏል። ጠጋኝ ነውና የሰበረውንም የተሰበረውንም አይጥልም። ጥቅሎቹን አንድ በአንድ እያነሳች ቀኖቹን አነበበች። የመጀመሪያው ከተሰበረ ዓመት አልፎታል። ሁለተኛው ከእሱ አምስት ወር በኋላ ነው። ቀጥሎ ሁለት ወር። ቀጥሎ አንድ ወር። ከዚያ ወዲያ በእያንዳንዱ ጨዋታ ማግስት። የዛሬውን ጨምሮ አሥራ አንድ ናቸው።

“አባባ፣ ለምን አልነገሩኝም?”

“ምን ብዬ?” አለ ሽማግሌው፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣም እፍረትም ነበር። “አደራሽን አልጠበቅኩም ብዬ? እዚሁ ቆመሽ፣ ስልክሽን ጆሮሽ ላይ ይዘሽ፣ ‘እነዚህ መስታወቶች ትልቅ ነገር ናቸው፣ አንድም እንዳይሰበር አደራ’ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ምን እንደሚሠሩ አልነገርሽኝም። እኔም አልጠየቅኩም። የመጀመሪያው ሲሰበር ምን ብዬ ዓይንሽን ላየው ነው ብዬ፣ ልክ እንደ እሱ አድርጌ ቆረጥኩና የመሐንዲሱን ጽሕፈት አስመስዬ ጻፍኩበት። ደግሞስ ግድግዳው ላይ የሰቀልሽው ምን ይላል?”

ምን እንደሚል ታውቃለች። የጨዋታ ቀን ኃላፊ በሆነች ሰሞን አንድ ሕፃን የተሰበረ ወንበር እጁን ቆርጦት ነበር። በዚያው ሳምንት በራሷ እጅ ጽፋ በሠራተኞች ክፍል ሰቀለችው፦ “በዚህ ግቢ የተሰበረ ነገር ለእንግዳ አይታይም።” ሰዉ በመጀመሪያ ሳቀባት። ኋላ ግን ሌሎች ክለቦች ሠራተኞቻቸውን ይልኩባት ጀመር፤ እሷም በየስብሰባው እየተጋበዘች ስለ ደንቡ ትናገር ነበር። ሴት ኳስ ምን ታውቃለች ይሏት የነበሩት ወንዶች የተቀመጡበትን ወንበር አንድ በአንድ ያለፈችው በዚህ ደንብ ነው። ሽማግሌው ያደረገውም ሌላ ምንም ሳይሆን እሱኑ ነው፤ ከእሷ በላይ አጥብቆ ይዞት።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዓመቱን ዋንጫ የሚወስን ጨዋታ አለ። ሰባት ሰዓት ላይ በሮች ይከፈታሉ። ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ በክቡር ትሪቡን ሳሎን፣ እንግዶች ባሉበት፣ የሊጉ ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆና የምትሾምበትን ሰነድ ትፈርማለች። ከእሷ በፊት በዚያ ወንበር ሴት ተቀምጣበት አታውቅም።

ሰዓቷን አየች። አራት ሰዓት ከሩብ ነው።

መሐንዲሱን እዚያው ቆማ ደወለችለት። ሌላ ከተማ፣ የግማሽ ቀን መንገድ ርቀት ላይ ነው። ቀኖቹን አንድ በአንድ ስታነብለት አላቋረጣትም። 

“አሥራ አንዱም ቁጥር አራት ላይ ነው?”

“ዘጠኙ አራት ላይ፣ ሁለቱ አምስት ላይ።”

“በእኔ ጽሕፈት?”

“በአንተ ጽሕፈት።”

“ማንም ሰው እንዳይወጣበት” አለ መሐንዲሱ።

“ይህን በደብዳቤ ላክልኝ። በስልክም ቢሆን ፎቶ አንስተህ። አሁን።”

“ሳላይ እንዴት እጽፋለሁ? አንድ መስታወት በሌላም ምክንያት ሊሰበር ይችላል። ጀሶው ሲደርቅ ሊስበው ይችላል፣ የቀንና የማታው ሙቀት… ነገ እመጣለሁ፣ መሣሪያ ይዤ አያለሁ፣ ከዚያ እጽፋለሁ።”

“ጨዋታው ዛሬ ነው።”

“አውቃለሁ። የነገርኩሽን ነግሬሻለሁ። በወረቀት ግን ሳላይ አልችልም። ሦስት ዓመት ፈርሜበታለሁ እኮ፣ እህቴ።”

እሷም ፈርማበታለች። ስልኩን ዘግታ፣ መስታወቱ ስንጥቁ ሲንቀሳቀስ እንዲሰበር የተለጠፈ መሆኑን ለሽማግሌው ነገረችው። በላይዋ የቴሌቪዥን ባለሙያዎች ገመድ ይጎትታሉ፤ የአንድ ሰው እግር በተራመደ ቁጥር ከአግዳሚው ሥር ደቃቅ አቧራ ይወርዳል። አቧራ ድሮም ይወርድ ነበር። ዛሬ ግን እያንዳንዷ ቅንጣት ጫማዋ አጠገብ ስታርፍ ታያታለች።

የሊጉን ቦርድ ሰብሳቢ ያገኘችው ሳሎኑ ውስጥ ነው። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ፣ በመሐሉ አበባ፣ ከአበባው አጠገብ የሚፈረምበት ሰነድና ሁለት እስክሪብቶዎች ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ወንበሮቹን እያስተካከለ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ቲኬት ቤት ሆና በእሱ ትእዛዝ ነው ወደ ቢሮ የገባችው፤ ሌሎቹ ሲያጉረመርሙ “ከአሥር ወንድ ትበልጣለች” ያለ እሱ ነው። ቆሞ አዳመጣትና ወንበር ሳበላት።

“የጻፈ ሰው አለ?”

“ነገ አይቶ ይጽፋል።”

“እንግዲያው ዛሬ የያዝነው አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ቆርቆሮ፣ ጥቂት ስብርባሪ ነው።” እንደ መሳቅ አለና ተወው። “አያስቅም፣ ይቅርታ። ግን እስቲ አስቢው። ደረጃው ሃምሳ ዓመት ቆሟል። ባለፈው ሳምንት ሞልቶ ነበር፤ ያለፈው ወርም ሞልቶ ነበር። ዛሬ ሌሊት ብርድ ነበር፤ መስታወት በብርድ አይሰበርም?”

“ይሰበራል። አሥራ አንድ ጊዜ ግን አይሰበርም።”

“ካሜራዎቹ የቆሙት በዚህ በኩል መሆኑን ታውቂያለሽ። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ከኳሱ ጀርባ የሚታየው ከበሮው ነው። ባዶ ሆኖ ይታይ ነው የምትይኝ? ስድስት ሺህ ሰው ቲኬት በእጁ ይዞ በሩ ላይ ሲደርስ ምን ልትይው ነው? መስታወት ተሰበረ?”

“ታዲያ ምን ላድርግ ይላሉ?”

ሰብሳቢው ወደ እሷ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ማድረግ ያለብሽን አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ዝጊም ክፈቺም አልልሽም፤ ግቢው ያንቺ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ከፈረምሽ፣ ከነገ ጀምሮ ይህን ብቻ ሳይሆን በአገሩ ያለውን ደረጃ ሁሉ ማስመርመር ትችያለሽ። ካልፈረምሽ ግን የሚመጣው ሰው ደረጃ ሥር ወርዶ የሚያውቅ ሰው አይደለም። አንድ ቀን ናት።”

ከዚህ ንግግር ውስጥ ውሸት ብትፈልግ አላገኘችም። የከፋውም ይኸው ነበር። ሰብሳቢው ትከሻዋን መታ አድርጎ ወጣ፤ ሲወጣ የልብሷ እጅጌ ላይ የተለጠፈውን ጀሶ አይቶ፣ “ይሄን አስጠርጊው፣ እንግዳ ሊመጣ ነው” አላት።

ቢሮዋ ገብታ በሩን ዘጋች። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ግን ቅጠሉን ይዞ የሚሮጠው ሰው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ምን እንደሚባል ማንም አይተርክም። ዘግታው ደረጃው ባይወድቅ፣ ነገም ከነገ ወዲያም ባይወድቅ፣ ልክ መሆኗን በምን ታሳያለች? ያልደረሰ አደጋ ምስክር የለውም። “ፈሪ ሴት” ይሏታል፤ “ድሮም ብለን ነበር” ይላሉ። ከእሷ በኋላ በምትመጣዋም ሴት ላይ በሩ አብሮ ይዘጋል። ይህን ሁሉ አሰበችና ስልኳን አንስታ ለታላቅ ወንድሟ ደወለች።

ወንድሟ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። አባታቸው ሲሞት እሷ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያሳደጋት እሱ ነው። ኳስ ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችውም በእሱ ትከሻ ላይ ሆና፣ እዚያው ከበሮው ላይ ነው። እስከ ዛሬም ከዚያ ተነስቶ አያውቅም። ድምፁ ከሁሉ ስለሚበልጥ “ጡሩንባው” ይሉታል። ዝላዩን የሚጀምረው እሱ ነው፤ እጁን ሲያነሳ ስድስት ሺህ ሰው ይነሳል፣ እጁን ሲጥል ስድስት ሺህ ሰው ያርፋል።

“አቤት እቱ!” አለ በጩኸት፤ ከኋላው ሰው ይዘፍናል። “ዛሬማ ማን ይችልሻል!”

“ጋሼ፣ የት ነህ?”

“የት እሆናለሁ? በር ዘጠኝ ፊት ነኛ። ሰዉ ከአሁኑ ተነባብሯል። ዛሬ ከበሮውን ካላፈረስነው ምን አለ በይኝ!”

ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አደረገችና መልሳ አስጠጋችው።

“ዛሬ እኔ ጋ ና። ክቡር ትሪቡን። አጠገቤ ወንበር አስይዤልሃለሁ።”

“እኔ? ከከረባት ለባሾቹ ጋር?” ሳቀ። “ልጆቹን ማን ያዘልልኛል?”

“ለአንድ ቀን ሌላ ሰው ያዝልላቸው።”

 ወንድሟ ሳቁን አቆመ።

“ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ስትሠሪ አንድ ቀን ና ብለሽኝ አታውቂም፣ እቱ።”

“አውቃለሁ። ስለዚህ ነው ዛሬ የምልህ።”

 አሁን ሲናገር ድምፁ ጡሩንባ አልነበረም። “እማዬ ይህን ሳታይ ሞተች። እሺ፣ እመጣለሁ። ያ የሠርጌ ኮት ይበቃኝ ይሆን? ቤት ደርሼ ልለካው።”

ስልኩ ሲዘጋ እፎይ አለች። እውነተኛ እፎይታ ነበር፤ ትከሻዋ ላይ የነበረው ነገር ወረደ፣ ትንፋሿ ተመለሰ። እጅጌዋን በውኃ ልትጠርግ ተነሳች። የእጅ መታጠቢያው መስታወት ፊት ቆማ ነጩን ነገር ስታሽ ነው ምን እንዳደረገች የገባት። በሩን ለመክፈት ወስናለች። መቼ እንደወሰነች አላወቀችም እንጂ ወስናለች። ከስድስት ሺህ ሰው ውስጥ አንዱን አውጥታ የቀሩትን እዚያው ትታለች። ራሷን ተጸየፈች፤ ሆኖም ወደ በሩ አልሄደችም፣ ስልክም አላነሳችም። እጅጌዋን ማሸቷን ቀጠለች። ጀሶው በውኃ ሲነካ ይበልጥ ተሰራጨ።

ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን በሩ ተንኳኳ። ጠጋኙ ነው፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። የቁልፎቹ ቀለበት ከቀበቶው ላይ ተንጠልጥሏል። ምሥራቁን በሮች የሚከፍተው እሱ ነው።

“ይግቡ፣ አባባ።”

አልገባም። ደፉ ላይ ቆመ።

“አሁን ወንድምሽን አየሁት። ኮት ለብሶ ወደ ክቡር ትሪቡን ሲያልፍ። እቱ ጠርታኝ ነው አለኝ፤ ደስ ብሎት ነበር። እኔም ደስ አለኝ። ደረጃውን ወርጄ ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ግን አሰብኩ።” ባርኔጣውን በእጁ አዞረው። “ሴት ልጄ ዛሬ ከባሏ ጋር ከበሮው ላይ ልትወጣ ነው። ልደቷ ስለሆነ ቲኬቱን የሰጠኋት እኔ ነኝ። አሁን በር ዘጠኝ ፊት ተሰልፈዋል።”

ሥራ አስኪያጇ ታሽ የነበረውን እጅጌ ለቀቀችው።

“መስታወቱ ምን እንደሚሠራ ዛሬ ነገርሽኝ። አንቺ የምታውቂውን አላውቅም። ስለዚህ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት፣ ልጄ። እኔስ ልጄን ላውጣት?”

ቁጣ የለበትም። ነገር ፍለጋም የለበትም። ምን ማድረግ እንዳለበት ያልገባው ሠራተኛ አለቃውን እንደሚጠይቅ ነው የጠየቃት። ከውጭ የሰዉ ዝማሬ ይሰማል፤ በመስኮቱ በኩል የብረት አጥሩ በእግርና በእጅ ሲመታ ይሰማል። የሽማግሌውን ልጅ ታውቃታለች፤ ቲኬት ቤት ሳለች ጠረጴዛዋ ሥር ትጫወት ነበር። ከዚያች ልጅ በስተቀር በሰልፉ ላይ ያለው ሁሉ አባት የለውም ማለት ነው? ወይስ አባቱ እዚህ የማይሠራ ሁሉ ከበሮው ላይ ይውጣ?

“ቁልፉን ይስጡኝ” አለች።

“የቱን?”

“ሁሉንም።”

ሽማግሌውን አስከትላ ደረጃውን እየወረደች ለጥበቃ ኃላፊው ደወለች። ከበሮው ዛሬ እንደማይከፈት ስትነግረው ኃላፊው ደነገጠ።

“እትዬ፣ ሰዉ እኮ በሩን ይሰብረዋል!”

“በሩ ላይ እንዲጠብቅ አታድርገው። የልምምድ ሜዳውን ሁለቱንም በሮች ክፈት። የውጭውን ትልቅ ስክሪን ወደዚያ አዙሩት። ከኋላ ያለውን ሰልፍ አስቀድማችሁ ውሰዱ፤ ከፊት ከጀመራችሁ ይጨፈላለቃሉ። ጠባቂዎቹን ሁሉ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አምጣ።”

“ሰብሳቢው ያውቃሉ?”

“አሁን ያውቃሉ።”

በር ዘጠኝና በር አሥር ላይ በውስጥ በኩል ሰንሰለት አለ፤ ለዓመታት የተቆለፈ ጊዜ ስለሌለ ዝጓል። ሰንሰለቱን ጎትታ በብረቶቹ መሐል ስታስገባ፣ በሌላው በኩል ያለው ዓይን ሁሉ ከእጇ ላይ አልተነሳም። መጀመሪያ የሚከፈትላቸው መስሏቸው አጨበጨቡ። ቁልፉ ቀጭ ሲል ጭብጨባው ከፊት ወደ ኋላ እየራቀ ቆመ። ከዚያ አንድ ሰው ስድብ ጣለ፤ ብረቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እጇ ብረቱ ላይ ስለነበር እስከ ትከሻዋ ድረስ ተሰማት።

“እቱ!”

ዞረች። ወንድሟ ነው። የሠርጉ ኮት አንድ ቁልፍ አልደርስ ብሎት ተከፍቷል። ከክቡር ትሪቡን ሮጦ ነው የመጣው፤ ግንባሩ አልቦታል።

“ምንድነው የምትሠሪው? ጤና የለሽም እንዴ?”

“ደረጃው ተሰንጥቋል፣ ጋሼ። ሲዘሉበት ይንቀሳቀሳል። አሁን ደግሞ ሳይዘሉበትም መንቀሳቀስ ጀምሯል።”

ወንድሟ ባዶውን ደረጃ አየ፤ ሠላሳ ዓመት የቆመበትን ቦታ። ቀጥሎ ኮቱን አየ። ፊቱ ላይ ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባው አየችው፤ ምነው ባላየሁት ብላ ተመኘች።

“መቼ ነው ያወቅሽው?”

“ጠዋት።”

“እኔን የጠራሽኝ ከዚያ በኋላ ነው?”

“አዎ።”

“እነሱንስ?” አለ በእጁ ወደ ብረቱ እያመለከተ። “እነዚህ ልጆች ሲዘሉ እኔ ካንቺ ጋር ተቀምጬ ላያቸው ነበር?”

 “አዎ፣ ጋሼ” አለች። “አሁን ግን ዘግቼዋለሁ።”

ወንድሟ ኮቱን አወለቀና በክንዷ ላይ ጣለው። ከበሩ ጎን ያለችውን ጠባብ የሠራተኛ መውጫ እንዲከፍትለት ለጠጋኙ ምልክት ሰጠው። ሽማግሌው እሷን አየ፤ ራሷን ነቅንቃ ቁልፉን ሰጠችው። ወንድሟ ጎንበስ ብሎ ወጣ፤ በሩም ከኋላው ተቆለፈ። ወዲያው ከውጭ “ጡሩንባው! ጡሩንባው መጣ!” የሚል ጩኸት ተነሳ። ሊመልሳቸው ይሁን ሊመራቸው አላወቀችም። ሰው ተሸክሞ ሲያነሳው ታየ፤ ሁለት እጆቹ ከጭንቅላቶቹ በላይ ወጡ። ኮቱን አቅፋ እጆቹን ስትጠብቅ ቆየች። እንደተነሱ ቆዩ። መልእክቱን ከምትሰማበት በላይ ርቆ ነበር።

ስልኳ ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል። ሰብሳቢው ነው። አንዴ አነሳችው።

“ባዶ ደረጃ በቴሌቪዥን እያሳየሽን ነው” አላት፤ አልጮኸም። “እንግዶቹ ገብተዋል። እኔ ከዚህ በኋላ ላንቺ የምለው ነገር የለኝም። ብትመጪም ባትመጪም ሰነዱን አነሳዋለሁ።”

“እመጣለሁ” አለች። “አያንሱት።”

ከመሄዷ በፊት ወደ ትሪቡኑ ሥር ወረደች። ጠጋኙ ተከተላት። ቁጥር አራት ጠዋት እንደተለጠፈ ነው፤ ጥርት ብሎ፣ ሳይሰበር፣ የጣቷ ምልክት ጀሶው ላይ ደርቆ። አንዳች ነገር ጠብቃ ነበር፤ ተሰብሮ ባገኘሁት ብላ ተመኝታም ነበር። አልተሰበረም። ምናልባት ነገም አይሰበርም፤ ሰብሳቢው መሐንዲሶች አምጥቶ ሌላ ሃምሳ ዓመት ይቆማል ሊያስብል ይችላል። ከውጭ የሰዉ ድምፅ በኮንክሪቱ ውስጥ አልፎ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ይመጣል። የልምምድ ሜዳው በር መከፈቱን የጥበቃ ኃላፊው በሬዲዮ ይናገራል፤ ከኋላ ያሉት መንቀሳቀስ ጀምረዋል፣ ከፊት ያሉት ገና አልጀመሩም።

“ጀሶ በጥብጬ ነበር” አለ ሽማግሌው። “ያቺን የጣትሽን ምልክት ልድፈናት?”

“ይተዉዋት።”

ጎንበስ ብላ የቀለም ቆርቆሮውን አነሳችው። ካሰበችው በላይ ይከብዳል። የወንድሟን ኮት በአንድ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ቆርቆሮውን በሁለት እጇ አቀፈችውና ወደ ደረጃው አመራች።

“ወዴት ነው የምትወስጂው?”

“ሳሎን።”

ሽማግሌው ሮጥ ብሎ ፊቷ ቆመ። እጅጌዋ ላይ ያለውን ነጭ ነገር፣ ዝገት የበላውን ቆርቆሮ አየ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንዳሳፈረው አይታወቅም።

“ልጄ፣ እንግዶች አሉ እኮ። ነጭ ጨርቅ ነው የተነጠፈው። ይህን ስብርባሪ ይዘሽ…”

“ለእነሱ ላሳየው ነው፣ አባባ” አለች።

ወደ ላይ ወጣች። በሳሎኑ በር ላይ አስተናጋጁ ቆርቆሮውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠችውም። ከውስጥ የብርጭቆ ድምፅና ዝቅ ያለ ሳቅ ይሰማል። ከውጭ፣ ከበር ዘጠኝ በኩል፣ የወንድሟ ጡሩንባ ድምፅ አንድ ነገር ጮኸ፤ ሌሎች ሺህ ድምፆች ተከተሉት። ቃሉን ለመለየት አልቆመችም። በሩን በክርኗ ገፋችው።